የወንጪ መንገድና የኦቦ ጀቤሳ ወንበር

የግቢዬን በር ማጠፊያ ላስበይድ አምቦ ገበያ አጠገብ ወዳለው ብየዳ ቤት ጎራ ብል፣ ጎረቤቴ ኦቦ ጀቤሳ ከወንድማቸው ልጅ ከነርሷ ሃዊ ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ሃዊ አዲስ የተሠራ ታጣፊ ወንበር ይዛለች፤ መሐሉ ግን ክብ ሆኖ ተቆርጧል።

«አካም ቡልተን መምህር ዘሩባቤል! እንኳን መጡ፤ ይቺን ልጅ ይምከሩልኝ» አሉኝ ኦቦ ጀቤሳ። «ቀዳዳ ወንበር አሠርታ፣ ይዘው ወንጪ ይሂዱ ትለኛለች!»

«መጸዳጃ ነው መምህር» አለች ሃዊ። «ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ወንበሩ ከላይ ይዘረጋል፣ ዙሪያው በሸራ ይጋረዳል፣ ሲያበቃ ጉድጓዱ አፈር ይለብሳል። እግሮቹ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ መሬት ውስጥ አይሰጥሙም፤ ሰውን አያንገዳግዱም። ታጥፎ በአህያ ይጫናል።»

«ኧረ ወዲያ! ታቦት ልሳለም ስሄድ ሽንት ቤት ልሸከም? ማኅበርተኞቼ ምን ይሉኛል? አባቶቻችን ቁጥቋጦ ሥር ቁጢጥ ብለው አልኖሩም?»

«ጉልበት ነበራቸዋ! ለመሆኑ በመነጽር ዳዊት ሲደግሙ ማን ተቀየመዎት? መነጽር ለዓይን ከሆነ፣ ይኼ ደግሞ ለጉልበት ነው።»

እኛ ሰዎች ስለ ምግብ ስናወራ ብንውል አይደክመንም፤ በልተን ስለምንሄድበት ቦታ ግን ቃል ከሚወጣን ሞታችንን እንመርጣለን። እኔን ይኼ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦቦ ጀቤሳ ማኅበር በየዓመቱ ለጥር ቂርቆስ ወንጪ ሐይቅ ላይ ወዳለው ገዳም በእግሩ ይሄዳል። አምና ኦቦ ጀቤሳ ዳገቱ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁና በበቅሎ ተመለሱ። «መንገድ ከጀመሩ እህል ውሃ አይቀምሱም፤ ጾሙ ነው የጣላቸው» ብሎ ሰው ሁሉ አደነቃቸው። ዘንድሮ ግን ቀርቻለሁ ብለዋል። ከዚያ ወዲህ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በወንጪ በኩል ያለውን ተራራ ሲያዩ ይውላሉ።

ሃዊ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባባ፣ አይቆጡኝና፤ አምና የጾሙት ለቂርቆስ ነበር ወይስ ለጉልበትዎ?»

ኦቦ ጀቤሳ መልስ ሲሰጡ ወደ እኔ አላዩም።

«ካቻምና ሜዳ ላይ ቁጢጥ አልኩና መነሳት አቃተኝ። ጎረምሶች በብብቴ ገብተው አነሱኝ፤ ልብሴን እንኳ አልሰበሰብኩም ነበር። አምና ሜዳ መውጣት እንዳያስፈልገኝ ብዬ አልበላሁም፣ አልጠጣሁም። ጾመኛ ሲሉኝ አፍሬ ዝም አልኩ።» ምርኩዛቸውን ጨበጥ አደረጉት። «አፋፉ ይናፍቀኛል ልጄ። ሐይቁ መጀመሪያ ብቅ ሲል ባለቤቴ ብርቅነሽ እልል የምትልበት ቦታ ይናፍቀኛል። ነፍሷን ይማርና፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እሷም ቤቱን ማን ይጠብቃል ብላ ትቀር ነበር። ብቻዬን ስሄድ መንገዱ ጭር ይልብኝ ነበር።»

«እንግዲያው ቁርስዎን በልተው፣ ውሃዎን ጠጥተው ይሂዱላት» አለች ሃዊ። «አምና የጣለዎት ውሃ ጥም ነው። ሰው ሳይረዳዎት ተቀምጠው ይነሳሉ፤ ክብርም እኮ ይኼው ነው።»

ኦቦ ጀቤሳ ወንበሩን ተቀብለው ገለባበጡት። ቀስ ብለው ተቀመጡበት፣ ተነሱ፣ ደግመው ተቀመጡ። «ጉድ ነው!» አሉ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በሉ መምህር፣ እርስዎም አብረውኝ ካልሄዱ አልሄድም።»

ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ሃዊ ሸራውን ስትጋርድ ማኅበርተኛው መጀመሪያ ተጠቃቀሰ፤ በኋላ ግን ለመደው። ኦቦ ጀቤሳ በሶ እየበጠበጡ፣ ውሃ እየጠጡ ዳገቱን ወጡት።

አፋፉ ላይ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ታየ። ኦቦ ጀቤሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የሚመጣ ድምፅ እንዳለ ሁሉ ጆሯቸውን አዘንብለው ቆሙ። 

ያን ጊዜ እማማ ወለተ ማርያም የሚባሉ የማኅበሩ አሮጊት ከንፈራቸው ደርቆ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጠጉን። «ጀቤሳ፣ ያ ወንበር... ለሴትም ይሆናል? እኔም ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። ተቀምጬ መነሳቱን ፈርቼ ነው። ከዘንድሮ በኋላ ቤት እጠብቃለሁ ብዬ ልቀር ነበር።»

ኦቦ ጀቤሳ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ቤት እጠብቃለሁ?» አሉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዞረው፣ «አዬ ብርቅነሽ!» አሉ፤ «ለካ የቀረሽው ቤት ልትጠብቂ አልነበረም። ምነው ብትነግሪኝ! ምነው ብጠይቅሽ!» እንባቸውን አልጠረጉትም።

ሽማግሌና አሮጊት ከሚወዱት መንገድ የሚቀሩት እምነት ጎድሏቸው እንዳይመስላችሁ። መቀመጫ ስናበጅላቸው በልተው ይሄዳሉ፣ በጤና ይመለሳሉ፣ ሰው ፊትም አይዋረዱም። ስለዚህ ሳናፍር እንጠይቃቸው፤ በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው።

ኦቦ ጀቤሳ የውሃ ኮዳቸውን ከፍተው ለእማማ ወለተ ማርያም ዘረጉላቸው።

«ጠጪ እቴ» አሏቸው። «እስኪበቃሽ ጠጪ። ወንበሩ አለ።»