ስንጥቁም ይቀረጽ

ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር፤ ሽማግሌው የእንጨት ቀራጭ ሸረፋ ሱቃቸው ውስጥ መሮአቸውን አስቀምጠው፣ አስተማሪዋ ዙበይዳ በስልኳ የምታሳያቸውን የእንጨት ቅርጽ ፎቶ እያዩ ነው።

ሸረፋ፦ ስንጥቁንም?

ዙበይዳ፦ ስንጥቁንም፣ ጋሽ ሸረፋ። ከአበባው ሥር ይጀምርና እስከ ጠርዙ ይወርዳል። ልክ እንደ ፎቶው።

ሸረፋ፦ ልጄ፣ አርባ ዓመት ዋንዛ ስቀርጽ ሰው ሁሉ «አደራ እንዳይሰነጠቅ» ሲለኝ ነው የኖርኩት። ሰንጥቅልኝ ብላ የመጣች አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ዙበይዳ፦ ሆቴል ውስጥ የሚሰቀል ነው። እንግዶች አሮጌ ነገር ይወዳሉ።

ሸረፋ፦ የትኛው ሆቴል?

ዙበይዳ፦ ገና እየተሠራ ያለ ነው። ስም አልወጣለትም።

ሸረፋ፦ ስም የሌለው ሆቴል። ይሁን። ይቺስ? ከአራቱ ቅጠሎች አንዷ ተጣማለች። መሮው አምልጦት ጫፏን ገምሷታል። እሷን ላቃናት?

ዙበይዳ፦ እንዳይነኳት! እንደተገመሰች ትሁን።

ሸረፋ፦ ይሄን የቀረጸው ሰው ባለሙያ አይደለም። ዙሪያውን በደንብ አልቆፈረውም፤ አበባው ከሳንቃው በወጉ ሳይነሳ ነው የተወው።

ዙበይዳ፦ ባለሙያ ባይሆንም ከልቡ ነው የሠራው።

ሸረፋ፦ ታውቂዋለሽ ማለት ነው።

ዙበይዳ፦ አላልኩም። ሲያዩት ያስታውቃል ለማለት ነው።

ሸረፋ፦ ታዲያ ዋናውን ለምን አታመጪልኝም? ፎቶ ጥልቀት አያሳይም። በጣቴ ልለካው ይገባል።

ዙበይዳ፦ አይመጣም።

ሸረፋ፦ እኔ ልምጣ።

ዙበይዳ፦ አይቻልም፣ ጋሽ ሸረፋ።

ሸረፋ፦ እንግዲህ ስሚኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ዘናጭ ሰውዬ እንደዚሁ ፎቶ ይዞ መጣ። የአሮጌ ቤት በር ነው፣ ለመታሰቢያ ነው አለኝ። አመንኩት፣ ሠራሁለት። ለካ የጥንቱን ነቅሎ በምትኩ የኔን ሊገጥም ኖሯል። እሱ ሳይያዝ እኔ ተያዝኩ። አስራ አንድ ቀን ታሰርኩ። ሚስቴ ምሳ ይዛ ስትመላለስ ሰፈሩ ሁሉ ያያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚሉኝ ሰምተሻል?

ዙበይዳ፦ አልሰማሁም።

ሸረፋ፦ እኔ ሰምቻለሁ።

ዙበይዳ፦ ሌባ ነሽ እያሉኝ ነው?

ሸረፋ፦ ሌባም እንዲህ ነው የሚጠይቀው እያልኩሽ ነው።

ዙበይዳ፦ ወላሂ ሌባ አይደለሁም! የዚህ ሰፈር ልጅ ግማሹ ፊደል የቆጠረው እኔ ዘንድ ነው።

ሸረፋ፦ የኔም የልጅ ልጅ አንቺ ዘንድ ነው የተማረችው። ባይሆንማ እስካሁን አባርሬሽ ነበር። ይልቅ ቀለሙን ንገሪኝ። ዋናው ከእርጅና ብዛት ጠቁሯል፤ ምን ያህል ላጥቁረው?

ዙበይዳ፦ ቀለሙ እንደፈለገ ይሁን።

ሸረፋ፦ እንደፈለገ?

ዙበይዳ፦ ግድ የለኝም። ብቻ ቫርኒሽ እንዳይቀቡት፤ ይሸታል፣ ያንሸራትታልም። እንደ ዋናው በሰሊጥ ዘይት ይሹልኝ፣ ሽታው ውስጡ እስኪገባ።

ሸረፋ፦ ቆይ ቆይ። ስንጥቁ ይኑር፣ የተገመሰችው ቅጠል ትኑር፣ ሽታው ይኑር። ቀለሙ ግን እንደፈለገ።

ዙበይዳ፦ አዎ።

ሸረፋ፦ ሌባ ብትሆኚ ከሁሉ በፊት የምትጨነቂው ለቀለሙ ነበር። ሌባ የሚያታልለው ዓይን ነዋ። አንቺ ማንን ልታታልዪ ነው?

ዙበይዳ፦ ማንንም።

ሸረፋ፦ ፎቶው ዙሪያው ተቆርጧል። ያልተቆረጠውን አሳዪኝ፤ አለዚያ በሩ ያውልሽ።

ዙበይዳ፦ እሺ። ይኸው።

ሸረፋ፦ የአልጋ ራስጌ ነው እንዴ? እኚህ አልጋው ላይ የተቀመጡት ማን ናቸው? ሁለቱም ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። መዳፋቸው ደግሞ አበባው ላይ ነው።

ዙበይዳ፦ እናቴ ናት። ዓይኗን ታክማ የመጣች ቀን ነው። ፋሻው ሲፈታም አላየችም።

ሸረፋ፦ አላህ ያግዛቸው። የቀረጸውስ?

ዙበይዳ፦ አባቴ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ቤት ሲውል፣ መሮ ተውሶ ሠራላት። እሱ ከሞተ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ እጇን የምትሰደው ወደዚያ ነው። ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ትሄድበታለች። ያቺ የተገመሰች ቅጠል ላይ ስትደርስ ብቻዋን ትስቃለች። መሮው ሲያመልጠው አባቴ ምን ብሎ እንደተሳደበ ትነግረኛለች፤ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ እንጃ።

ሸረፋ፦ ታዲያ ራስጌው የት ሄደ?

ዙበይዳ፦ አጋሮ እህቷ ዘንድ ስትሄድ ቤቱን ላሳድስላት ብዬ ዕቃውን ሁሉ፣ ራስጌውንም ጭምር፣ ጓሮ አወጣሁ። ሠራተኞቹ ምሳ የሚያበስሉበት እንጨት ጠየቁኝ። ደብተር እያረምኩ ነበር። ቀና እንኳ ሳልል «ከጓሮ ካለው አሮጌ እንጨት ውሰዱ» አልኳቸው።

ሸረፋ፦ ላ ኢላሃ ኢለላህ!

ዙበይዳ፦ ጭሱ ሸቶኝ ነበር እኮ። ሰሊጥ ሰሊጥ ሲለኝ፣ ጎረቤት ምን እየጠበሰ ይሆን ብዬ እርማቴን ቀጠልኩ።

ሸረፋ፦ መቼ ነው የሚመለሱት?

ዙበይዳ፦ የፊታችን ሐሙስ።

ሸረፋ፦ ልጄ፣ ሌት ተቀን ብሠራም አይሆንልሽም። የአባትሽን አበባ አስመስዬ መሥራት አያቅተኝም። የእናትሽ ጣት ግን አንዴ ሲዳብሰው ይደርስበታል።

ዙበይዳ፦ ላትደርስበት ትችላለች። አርጅታለች።

ሸረፋ፦ ዕድሜ ልካቸውን የዳበሱትን? ዛሬ ዓይናቸው አንቺ ነሽ። ሻይ ነው ስትያቸው ሻይ ነው ብለው ይጠጣሉ። ይሄን ከደረሱበት በኋላ ግን እጃቸው ላይ የምታኖሪላቸውን ሁሉ ሊጠራጠሩ ነው።

ዙበይዳ፦ ብነግራት ይቅር አትለኝም።

ሸረፋ፦ ላይሉሽ ይችላሉ።

ዙበይዳ፦ እርስዎ የፈሩት ለራስዎ ስም ነው።

ሸረፋ፦ ለስሜም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ንገሪያቸውና እዚህ ይዘሻቸው ነይ። ስንጥቁ የት እንደነበር፣ ቅጠሏ ምን ያህል እንደተገመሰች እሳቸው ዋንዛው ላይ በጣታቸው ያሳዩኝ፤ እኔ በመሮ እከተላቸዋለሁ። የአባትሽ ሥራ አይሆንም። ውሸት ግን አይሆንም። ከዚህ ውጭ መሮ አላነሳም።

ዙበይዳ፦ እስከ ሐሙስ ከቆየሁ ወኔ ይከዳኛል። ራሴን አውቃለሁ።

ሸረፋ፦ እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።

ዙበይዳ፦ አንድ ጊዜ ዝም ይበሉልኝ፣ ልደውል ነው። ሄሎ፣ አክስቴ? ኡሚን ስጪኝ። ኡሚ፣ ደህና ነኝ፤ ቤቱም ደህና ነው። ኡሚ፣ የአልጋሽ ራስጌ የለም። ያስቃጠልኩት እኔ ነኝ።