ኪርጊስታንን ወክዬ የዋልኩ ዕለት

ፈረንሳይኛ በሚነገርባት በምንኖርባት ከተማ በቬርኒየ፣ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የአገሮች ቀን አለ፤ እናቶች የአገራቸውን ምግብ ይዘው ጠረጴዛ ይይዛሉ። ድፎ ዳቦዬን ታቅፌ ስደርስ መምህሯ የኪርጊስታን ባንዲራ ሥር አስቀመጠችኝ። «ማዳም፣ እኔ እኮ» ስል «መርሲ» ብላ ሄደች። ልጄ ቀሚሴን ጎተተችና «ማማ፣ ሲልቩፕሌ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» አለች። ለሷ ብዬ ድፎዬን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቆረስኩ።

ወላጆቹ መጡ። «አገርዎ ባሕር አላት?» «የላትም።» «ተራራስ?» «ሞልቷል።» «ፈረስ ትወዳላችሁ አሉ?» «በጣም።» አንዱንም አልዋሸሁም። አንድ ሰውዬማ ድፎዬን እየገመጠ «የመካከለኛው እስያ ዳቦ በጣዕሙ ይለያል» አለኝ።

በመጨረሻ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር፣ አንዲት ሴት ተነሥታ መጣች። ኪርጊስ ናት። «ስለ አገሬ ምን አልሻቸው?» አልኳት። «ተራራ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ባሕር የለም አልኩ፤ አጠፋሁ?» «ኧረ ልክ ነሽ።»

መምህሯ መጥታ ሁለታችንንም አመሰገነች። «ግሩም አድርጋችሁ አስረዳችሁ። ለከርሞም እነዚህኑ አገሮች ያዙልን» አለች። ልጄን አየት አደረግኩና «ዊ፣ ማዳም» አልኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ልጄ ተጠግታ «ማማ፣ ዋና ከተማችን ማን ነው?» አለችኝ።

«ቤት ገብተን እናያለን» አልኳት።