ለአስቴር የተቀመጠ ክኒን

የምሠራው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ላሚሶ ታይፎይድ ይዟቸው የአሥር ቀን ክኒን ታዘዘላቸው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቃቸው ግን፣ «ድንገት ከያዛት ለአስቴር ይሆናታል» ብለው የቀረውን ለሚስታቸው አስቀመጡ። እውነትም ከእሳቸው ተላልፎ እትዬ አስቴርን ያዛቸው። ያንኑ ክኒን ዋጡ፤ አልሠራም። ሆስፒታል ሲደርሱ አንጀታቸው ተበስቶ ነበር። የደማቸው ውጤት የወጣው በተቀበሩ ማግስት ነው፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶታል። የሚያለማምደው ደግሞ ሳይጨርሱ ማቋረጥ ነው።

ውጤቱን ኪሴ ከትቼ ከሥራ በቀጥታ አዲስ ከተማ፣ ሰፈራችን፣ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ላሚሶ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«እንዳያልቅባት ስትቆጥበው አራት ፍሬ ተርፏል፤ ለአንድ ምስኪን ስጥልኝ።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ «ምነው እኔ በሁለተኛው ቀን ባቆምኩት ኖሮ! ይበቃት ነበር» አሉኝ።

ክኒኑን ኪሴ ውስጥ፣ ከውጤቱ ጎን ከተትኩት።