ቧንቧውን ያስቀጡት ሁለት ፊደላት

ወረቀት ልገዛ ስወጣ ከማመልከቻ ጸሐፊው ጋር በር ላይ ተላተምን። ዕድሜ ልካቸውን በማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው የሰውን ብሶት በብዕር ሲጽፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጃቸው እኔ ዘንድ ኮምፒውተር ትማራለች።

«መምህር፣ ልጅቷን ልወስዳት ነው የመጣሁት» አሉኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ።

«ምን አጠፋን አባቴ?»

«እናንተማ ምን ታጠፋላችሁ! አጠገቤ ቁጭ ብላ ብዕር ትያዝ ብዬ ነው። ይኼ ሲነኩት የሚጽፍ ነገር ጣት ያሰንፋል። ደግሞስ የእኛ ሰፈር ልጅ ይህን ተምሮ የት ሊደርስ? ቤቱ ውሃ እንኳ የለ!»

የመጨረሻዋ ነገር አንጀቴን በላችው። እውነት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቧንቧ ይሰለፋል፤ ተማሪዎቼም ጀሪካናቸውን በር ላይ ደርድረው ነው የሚገቡት። እኔ ግን በቀላሉ እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

«እንግዲያው የዛሬ ሥራዋን አይተው ይውሰዷት» ብዬ አስገባኋቸው።

ክፍላችን የድሮ መጋዘን ነው። ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉን፤ ተማሪዎቹ ሃያ ሁለት ናቸው። ልጅቷ የሰፈሩን የውሃ ማመልከቻ አትማ መጨረሷ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ የሚቀበለው በዚያው ቀን እስከ ቀትር ብቻ ነው፤ ካለፈ ለከርሞ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ጉድ ነው! ‹የቧንቧው መስመር እስከ ሰፈራችን ይቀጣልን› ይላል! ቧንቧው ምን አጥፍቶ ነው የሚቀጣው? ‹ይቀጠልልን› ነው እንጂ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጅቷ መግቢያ አጣች። እኔም አፈርኩ፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ አልፌው ነበር።

«አየህ መምህር? በሉ ቅደዱትና እንደገና ጀምሩ። ለቀትር ግን አይደርስላችሁም» አሉ። አሁን አልሳቁም፤ ውሃው የእሳቸውም ጉዳይ ነበር።

«ለምን እቀድደዋለሁ አባባ?» አለች ልጅቷ። ቃሉን ፈልጋ አገኘችና ‹ጣ›ን ‹ጠ› አድርጋ አንድ ‹ል› ጨመረች። ማተሚያው አጉረመረመና ንጹሕ ገጽ አወጣ።

«በቃ?»

«በቃ አባባ።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ለአንዲት ፊደል ስንት ገጽ ቀድጃለሁ! ስንቱን ባለጉዳይ ነገ ተመለስ ብያለሁ!»

«ስሕተቱን ግን ማሽኑ አላየውም፤ ያዩት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «እሷ ይህን እያወቀች የእርስዎን ዓይን ብትወርስ ማን ይቀድማታል?»

ትንሽ አሰቡና «ትማር። ሰዋስዉን ግን ለእኔ ተውልኝ፤ አንተን አላምንህም» አሉኝ። ተገቢ ነበር።

ፍሬውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ውሃው ገባ። ከተማሪዎቼ አንዷ ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ ሌላው ማተሚያ ቤት ተቀጠሩ፤ ሁለቱ እዚያው መጋዘን ውስጥ ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። የተማረ ጣት ሰፈር ያነሣል ብዬ የምከራከረው ይህን በዓይኔ አይቼ ነው።

የዚያን ቀኑን ግን መቼም አልረሳም። ለቀትር ሩብ ጉዳይ ሲል የማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ጋ ደረስን። ኃላፊው አምስቱንም ገጽ አንብቦ ማኅተሙን መታና ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው።

«እንደ ወትሮው እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

ሽማግሌው ልጅቷን በትከሻዋ ይዘው ወደ መስኮቱ አስጠጓት። ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ጸሐፊዋ እሷ ናት፤ እኔ አራሚዋ ነኝ!» አሉ።