ከመስመሩ በላይ የተቀመጠችው ነጥብ

አቶ አየለ ሆላንድ ውስጥ ሙርዋይክ በተባለው ሰፈራቸው ከትራም ሲወርዱ ጎረቤታቸውን ሳያትን ብስክሌቷን ስትቆልፍ አገኟት። ባያገኟት ኖሮ በኩራታቸው ይሰነብቱ ነበር።

በእጃቸው የተንጠለጠለው ከረጢት ዛንዳም ከተማ ከሚሠሩበት የብስኩት ፋብሪካ የመጣ ነው። የተሰባበረውን ለሠራተኛ በርካሽ ይሰጣሉ፤ እሳቸውም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ ተሸክመውት ይመጣሉ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ታናሽ እህታቸውን በእጃቸው ቀብረዋልና የሞላ ከረጢት ባዩ ቁጥር ተመስገን ይላሉ።

«ሳያትዬ፣ አንቺ የሆላንድ ወረቀት አያቅትሽም፤ ይህን እይልኝ» ብለው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ከሊና ትምህርት ቤት ነው። መስመሮቹ የሌሎቹ ልጆች ናቸው። ይቺ ከሁሉም በላይ ጉብ ያለችው ነጥብ የልጅ ልጄ ናት!»

ሳያት ሽማግሌዎችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትንከባከብ፣ የአገሩን ቋንቋ ደችን ከቤተ መጻሕፍት ራሷን በራሷ ያስተማረች፣ ምላሷ ምሕረት የማያውቅ ልጅ ናት። ያን ዕለት ግን ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ በዝግታ ጠየቀች።

«ጋሽ አየለ፣ ይህን ለማን አሳይተዋል?»

«ለማን ያላሳየሁት አለ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ መሐል አቆምኳት። ሰው አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ።»

«ሊናስ?»

«ጨዋ አይደለች? አንገቷን ደፍታ ቆመች።»

«ጋሼ፣ ይህ ውጤት አይደለም። የትምህርት ቤቱ ሐኪም ደብዳቤ ነው። መስመሩ የክብደት ነው፤ ክብደቷ ለዕድሜዋም ለቁመቷም ከሚገባው አልፏልና መጥታችሁ አነጋግሩን ይላል። ሊና ደግሞ ደች ከእኔ በላይ ታነባለች።»

የአቶ አየለ ጆሮ ጋለ። ሰው ሲያፍር መጀመሪያ የሚቀናው ቁጣ ነው።

«ብትወፍርስ ምን ነውር አለው? እኛ አገር ‹ተመችቶሻል› ነው የሚባለው! አጥንቷን የምትቆጥሩልኝ ልጅ ላሳድግ? እኔ ልጅ በረሃብ ሲሞት አይቻለሁ!»

«አይተዋል፤ ለዚህ ነው ጠላት ሲባል ባዶ ሆድ ብቻ የሚታይዎ። እዚህ ጠላቱ ልብሱን ለውጧል። እስቲ የባለጸጎቹን ሰፈር ዞር ዞር ብለው ይዩ፤ ቀጫጭኖቹ እነሱ ናቸው። ለመሮጫ ጊዜ አላቸው፣ ለአትክልት ገንዘብ አላቸው። እኛ ሰፈር ከፖም ይልቅ ብስኩት ይቀርባል። እናቷ አምስተርዳም ሆቴል በፈረቃ ትለፋለች፤ ልጅቱ ከስልክ ጋር ትውላለች፤ አያቷ ደግሞ ፍቅራቸውን በስኳር ይገልጹላታል። ሆዳም ሆና አይምሰልዎ፤ እኛው ነን በእጃችን ያበላናት።»

«እና ይህን ልድፋው? እህል ይደፋል? ይቀሥፋል እኮ!»

«አይድፉ። አይግዙ።»

ከረዥም ስብከት ይልቅ ይቺ አጭር መልስ አንገበገበቻቸው።

«የዋና ትምህርቷንስ ለምን ተወች?» ቀጠለች ሳያት።

«ሆዴን አመመኝ ትላለች። ሦስት ጊዜ እኔው ፈርሜ አስቀርቻታለሁ።»

«ልብሷን ማውለቅ አፍራ ነዋ! ዙሪያው ቦይ በሆነ አገር ዋና የማያውቅ ልጅ እንዴት ያለ ሥጋት እንደሆነ አስበውታል?»

አቶ አየለ ፌርማታው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። የአዳራሹ ጭብጨባ በጆሯቸው ተመለሰ። ያ የተደፋ አንገት ጨዋነት ብቻ አልነበረም። ልጅቱ ወረቀቱ ምን እንደሚል እያወቀች፣ በሰው መሐል ዝም ብላ ቆማለች።

«እኔ እንዳላፍር እሷ አፈረችልኝ» አሉ በቀስታ። «ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

የሳያት ድምፅ ለዘብ አለ። «ለብቻዋ እንዳያስርቧት፤ ማዋረድ ልጅን ተደብቆ ያስበላል እንጂ አያከሳም። ቤቱ ሁሉ አንድ ምግብ ይብላ። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም ከጓዳዎ አለ፤ በለስላሳው ፈንታ ውሃ ይኑር። ትምህርት ቤት በእግር ያድርሷት። ሐኪሙ ዘንድ ደግሞ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

አቶ አየለ ሦስቱን ፎቅ ሁለት ጊዜ ቆመው እየተነፈሱ ወጡ። የዘጠኝ ዓመቷ ሊና በሩን ከፈተች።

«ሊናዬ፣ ምን እንደሚል ስታውቂ ለምን አልነገርሽኝም?»

እዚህ እንዳደጉት ልጆች ሁሉ አያቷን «አንተ» ትላቸዋለች። «በጣም ደስ ብሎህ ነበራ፣ አያዬ።»

ይቅርታ ሊሏት ፈልገው ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ቅዳሜ ጠዋት ግን መዋኛው ዘንድ፣ በማያውቁት ሰው ሁሉ ፊት፣ ሸሚዛቸውን አወለቁ። ቦርጫቸውን በሁለት እጃቸው ለመሸፈን ሞከሩ፤ አልበቃቸውም። ሊና አየቻቸውና ሳቀች፤ ከዚያ ፎጣዋን ጣለች።

ያ ከሆነ አንድ ዓመት አለፈ። ነጥቧ ገና ከመስመሩ በላይ ናት፤ ግን ቀርባለች። ሊና እንቅልፏ ተስተካክሏል፣ በመንገድ ላይ አያቷን ትቀድማለች፤ እሳቸውም ደረጃውን አንዴ ብቻ አርፈው ይወጣሉ። የአርቡ ከረጢት ቀርቷል። በአዳራሹ «ሊና ተመችቷታል» የሚል ሲገኝ «ሌላ ሰላምታ ፈልጉ!» ብለው ያፈጥጣሉ። የሰው ልጅ የሚለወጠው ስሕተቱን ሲሰማ ሳይሆን ስሕተቱ ማንን እንደጎዳ ሲያይ ነው።

ባለፈው ወር ሊና ፀጉሯ ሳይደርቅ አንድ ወረቀት ይዛ ከመዋኛው ወጣች። አቶ አየለ እጃቸው ሊያጨበጭብ ተነሣና አየር ላይ ቆመ።

«መጀመሪያ አንብቢልኝ» አሉ።

አነበበችላቸው፤ የመጀመሪያው የዋና ዲፕሎማዋ ነበር። ከዚያ አንገቷን ቀና አድርጋ፣

«አሁን አጨብጭብ» አለቻቸው።