ጉልበተኛው ለምን ይመታል?

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከዲላ ወደ ፍስሐ ገነት በሚሄድ ካሚዮን ላይ፣ ከጨው ጆንያዎቼ አጠገብ አንድ ልብስ ሰፊ የአንድ ጉልበተኛ ጀብዱ በሥዕል የሚተረክበት የጣሊያንኛ ጋዜጣ ዘርግቶ ለአንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ያሳያል።

«አባባ፣ ክንዱን ይዩልኝማ! ይህን የሚያህል ካሚዮን በአንድ እጁ ያነሳል።»

«ሥዕሉስ ልብ ይሰርቃል። ለምንድን ነው የሚያነሳው?»

«እንጃ። ያነሳል፣ ይዘላል፣ ይመታል፤ በቃ።»

«የተመታውስ ምን አድርጎ?»

«ልጄም ይህንኑ ጠይቃኝ መልስ ባጣ አኮረፈችኝ። ዛሬም ሳልነግራት ከገባሁ አታናግረኝም።»

«እኛ ዘንድ ሰው የመታ ሶንጎ ይቀርባል። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ምክንያቱን ይጠይቁታል።»

«ይሄማ ጣሊያን ነው፣ አባባ! ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል?»

«ቀስ በል፣ ሾፌሩ ይሰማል።»

«እሺ፣ ሶንጎ ቀረበ ልበላት። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካሚዮኑን ዳር አስቀምጦ ዛፉ ሥር ይቀርባል። ሽማግሌዎቹም ‹ልጄ፣ ማን አስቀየመህ?› ይሉታል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«መጀመሪያ አለቀሰ።»

«ይሄ ጉልበተኛ?»

«አዎ፣ እስከዚያ ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረማ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

እኔ ይርጋ ጨፌ ላይ ከነጨዬ መውረድ ነበረብኝ፤ ካሚዮኑ እንደገና ሲነሳ ግን ጆንያዎቼ ላይ እንደተቀመጥኩ ነበር።