የኡስታዝ ሸውቂ ዝግ ፎልደሮች

ኢንጂነር ሪሃምን ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው። መንሺያ ሰፈር ያለው የቢሮ ሕንጻችን ሊፍት እንደ ልማዱ መሐል ላይ ተገትሮ፣ ሁለታችንም እያለከለክን ደረጃ ስንወጣ ተገናኘን። እዚያው ሕንጻ ያሉትን የጉምሩክ አስተላላፊዎች ኔትወርክ ልትጠግን መምጣቷን ስትነግረኝ፣ እኛም ቢሮ ጎራ እንድትል መንገዷን ዘግቼ ለመንኳት።

አለቃዬ ጠበቃው ኡስታዝ ሸውቂ (በእኛ ዘንድ ጠበቃም ኡስታዝ ይባላል) ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ እየጮሁ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ዓም»፣ ማለትም አጎቴ፣ የሚለው ሰዓት ሠሪው በዩሚ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሟች አከራዩ የሐጅ ዘክሪያ ወንድ ልጅ «ውል የለህም» ብሎ ሱቁን ሊያሳሽግበት ነው፤ ችሎቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የኪራይ ውሉን የጻፈው ቢሮአችን ቢሆንም፣ የምዝገባ ቁጥሩ ያለበት ፋይል በኔትወርክ ከተያያዘው የጋራ ማከማቻ ውስጥ የት እንደገባ አልታወቀም። የመፈለጊያው ፕሮግራም መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «ምንም አልተገኘም»።

ሪሃም መጀመሪያ ገመዱን ጠረጠረች። ቀየረችው፤ ለውጥ የለም። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ አስነሣችው፤ አሁንም ምንም። በመጨረሻ የስሕተቱን መዝገብ ከፍታ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ኡስታዝ፣ ፎልደሮቹን በሙሉ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይከፍታቸው የዘጋቸው ማነው?»

«እኔ ነኛ! አንድ በአንድ፣ በገዛ እጄ።»

«ይህ ፕሮግራም የሚሠራው በራሱ ስም እንጂ በእርስዎ ስም አይደለም። በሩ ላይ ሲደርስ አትገባም ይባላል፤ ትቶት ያልፋል።»

«ታዲያ ለምን አይናገርም? ምላስ የለውም?»

«ተናግሯል። ማንም የማያየው ቦታ ጽፎ ለጥፎታል።»

«እንደ መንግሥት ማስታወቂያ» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ኡስታዝ መነጽራቸውን አውልቀው፤ «እኔ ጠበቃ ነኝ። የደንበኛዬን ምስጢር ሚስቴ እንኳ አታውቀውም።»

«ሚስትዎ ይቅሩና፣ እርስዎስ መች አወቁት? ከጠዋት ጀምሮ እየፈለጉት አይደል?»

አለቃዬን እንዲህ የደፈረ ሰው አይቼ አላውቅም። የእኛ ትውልድ እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገረው ከቢሮው ከወጣ በኋላ ደረጃ ላይ ነው፤ ያውም ወደ ታች እየወረደ።

«ለፕሮግራሙ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይስጡት» አለች ሪሃም ትዕግሥቷን አሰባስባ። «አይጽፍም፣ አይሰርዝም። ያገኘውንም የሚያሳየው ፎልደሩ ለተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው።»

«ያልፈቀድኩለት ቢፈልግስ?»

«ባዶ ይወጣለታል።»

«ይሄ ተለማማጅ ቢፈልግስ?» አሉ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

«ባዶ።»

በዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ቢሆንም ተሸነፉ ማለት አልነበረም፤ በሕይወት ከሌሉት ደንበኞች ፎልደር ጀምረው አንዱን ከፍተው ሌላውን ያመነቱ ጀመር። «ሙታን አይከሱኝም» ይላሉ። ሪሃም ግንባሯን ይዛ፣ «በዚህ አያያዝ እኛም እንጨመርላቸዋለን!» አለች።

ያኔ ዓም በዩሚ አንገቱን በበሩ አስገባ። «ኡስታዝ፣ የእኔን ምስጢር ከፈለጉ በመስጊድ ሚናሬት ያስለፍፉት። ሱቄን ብቻ ያትርፉልኝ።»

 ኡስታዝ ከወንበራቸው ተነሥተው ለሪሃም ቦታ ለቀቁላት። «ሁሉንም ክፈቺለት» አሉ ቀስ ብለው።

ፕሮግራሙ ማንበቡን እስኪጨርስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ውሉ የተገኘው በሐጅ ዘክሪያ ሴት ልጅ የፍቺ ጉዳይ ፎልደር ውስጥ ነው። ኡስታዝ ልማድ አላቸው፦ በዚያን ዕለት ለደንበኛው የተጻፈለት ሁሉ፣ በመጣበት ጉዳይ ፎልደር ውስጥ አብሮ ይከተታል። ሐጅ ዘክሪያ ስለ ሴት ልጁ ፍቺ ሊያለቅስ መጥቶ፣ በዚያው ሱቁን አከራይቶ ሄዷል።

ችሎት የደረስነው እየሮጥን ነው፤ ሪሃምም ተከትላናለች። ዳኛው የምዝገባ ቁጥሩን ሲያዩ ዋናው ውል ከመዝገብ ቤት እንዲቀርብ አዝዘው፣ ሱቁ ይታሸግልኝ የሚለውን ጥያቄ ውድቅ አደረጉ።

የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ኡስታዝ ሸውቂ ዓም በዩሚን ክንዱን ይዘው ማስተማር ጀመሩ፤ ፈቃድ በልክ ከተሰጠ ምስጢርም እንደሚጠበቅ፣ ጊዜም እንደሚተርፍ፣ የተደበቀና የጠፋ ነገር ለፈላጊው አንድ እንደሆነ፣ ይህንንም እሳቸው ድሮም ያውቁት እንደነበር። ሪሃም ወደ ጣሪያው አየች።

«አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው ኡስታዝ» አለ ዓም በዩሚ ክንዱን በቀስታ እያስለቀቀ። «ቀሪውን ሱቅ መጥተው ይንገሩኝ። አሁን ሄጄ ልክፈተው።»